የአንገቴ አባ ጨጓሬና የእግሬ ሙጀሌ

ዛፍ ሥር ተቀምጬ እያነበብኩ ሳለ አንገቴ ላይ አንድ ነገር ጠብ አለ። ቅጠል መሰለኝና ሳላይ በመዳፌ ጠረግኩት። ጠረግኩት የምለው ለራሴ እያደላሁ ነው እንጂ እውነቱን ለመናገር አሸሁት። ወዲያው አንገቴ በሳማ የተገረፈ መሰለ፤ ትንሽ ቆይቶ ሳማውም ፍም ሆነ። ብድግ ብዬ መሬቱን ሳይ ቡናማ፣ ፀጉሩ የተንጨባረረ አባ ጨጓሬ በጀርባው ወድቆ እግሮቹን ያወራጫል። እሱም ደንግጧል። ከሁለታችን ማን የበለጠ እንደተጎዳ ለመፍረድ ግን ጊዜ አልነበረኝም፤ አንገቴን ይዤ ወደ ቤት ሮጥኩ።

«አሸኸው እንዴ?» አለች ባለቤቴ ገና ከበር ስታየኝ።

«ጠረግኩት።»

«አሸኸዋል።»

ልክ ነበረች። የአባ ጨጓሬ ፀጉር ቆዳ ላይ ሲያርፍ ሁሉም ወዲያው አይሰካም፤ ብዙው ላይ ላዩን ተኝቶ የሚጫነው እጅ ይጠብቃል። ያንን እጅ እኔው አቀረብኩለት። ባለቤቴ ፕላስተር ቆርጣ አንገቴ ላይ ለጠፈችና ላጥ አደረገችው። ሌላ ቆረጠች፣ ለጠፈች፣ ላጠች። አምስት ጊዜ ያህል እንዲህ ካደረገች በኋላ በሳሙናና በውሃ አጠበችኝና በረዶ በጨርቅ ጠቅልላ ያዘችልኝ። የለበስኩትን ሸሚዝ ደግሞ በሁለት ጣቶቿ ጫፍ አንጠልጥላ ወስዳ ለብቻው ዘፈዘፈችው፤ ፀጉሩ ጨርቅ ውስጥ ተሰክቶ ይቀርና ኋላ የለበሰውን ሰው ይወጋል። ዓይኔን ነክቼ እንደሆነ ሦስት ጊዜ ጠየቀችኝ። ሦስቴ መጠየቋ አያስቅም፤ ዓይን ውስጥ የገባ ፀጉር ወደ ውስጥ እየሰረሰረ ሊሄድ ስለሚችል ቤት ውስጥ የሚሞከር ነገር የለውም፣ ቀጥታ ሐኪም ዘንድ ነው።

ማቃጠሉ ጋብ ሲል ከፕላስተሮቹ አንዱን አንስቼ በማጉያ መነጽር አየሁት። ሙጫው ላይ የወርቅ ክር ስብርባሪ የመሰሉ ነገሮች ተበትነዋል። ረጃጅሞቹ ለማስፈራራት ያህል ናቸው። በእነሱ መሃል ግን እንደ ብናኝ የደቀቁ፣ ጫፋቸው የሾለ አጫጭሮች ነበሩ። ሰው ላይ የሚያድሩት እነዚህኞቹ ናቸው።

የሚለበልቡ አባ ጨጓሬዎች ሁሉ በአንድ መሣሪያ አይዋጉም። አንደኛው ወገን ፀጉሩን የሚበትን ነው። በሜዲትራንያን አካባቢ ጥድ ዛፍ ላይ የሚኖረውና አንዱ የሌላውን ኋላ ተከትሎ በሰልፍ የሚሄደው አባ ጨጓሬ፣ ሲያድግ እስከ 1 ሚሊዮን የሚደርሱ ደቃቅ ፀጉሮች ይሸከማል፤ የአንዱ ርዝመት ከሩብ ሚሊ ሜትር አይበልጥም። ነፋስ ይዟቸው ስለሚሄድ አባ ጨጓሬውን በዓይኑ እንኳ ያላየ ሰው ከዛፉ ሥር በማለፉ ብቻ ሲያክ ሊያድር ይችላል። የላሰው ውሻ ደግሞ የምላሱ ሥጋ እስከ መሞት ይደርሳል። ሁለተኛው ወገን ምንም አይበትንም። ውስጡ ባዶ የሆነ፣ ሥሩ ላይ መርዝ የቋጠረ እሾህ ይዞ ቁጭ ይላል፤ ሲጫኑት ጫፉ ይሰበርና መርዙን እንደ ሐኪም መርፌ ወደ ቆዳ ይገፋል።

ከዚህ ከሁለተኛው ወገን እኔን የሚያስደንቀኝ በሰሜን አሜሪካ ደቡባዊ ክፍል የሚገኘው ሜጋሎፓይጅ ኦፐርኩላሪስ ነው። አባ ጨጓሬ አይመስልም። ፀጉሩ የተበጠረ፣ ለስላሳ፣ ኋላው እንደ ጅራት ሾል ያለ ነው፤ ትንሽ ድመት ተጠቅልላ የተኛች ትመስላለች። ልጅ ሆኖ ይህን አይቶ የማይዳስስ የለም። እሾሁ ያለው ደግሞ ከዚያ ለስላሳ ፀጉር ሥር ነው። የነካው ሰው ሕመሙ ከእጁ ተነስቶ ብብቱ ድረስ ይወጣበታል፣ ንፍፊቱ ያብጣል፣ ራሱን የሚያመውና የሚያስመልሰውም አለ። እ.ኤ.አ. በ1923 በቴክሳስ ሳን አንቶኒዮ ከተማ በጣም ከመብዛቱ የተነሳ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ነበር። በ2023 ደግሞ በአውስትራሊያ የኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች መርዙን ፈትሸው፣ ውስጡ የሴልን ሽፋን የሚበሱ ፕሮቲኖች እንዳሉና የእነዚህ ፕሮቲኖች ዘረ መል መነሻው ባክቴሪያ እንደሆነ አሳተሙ። ከ400 ሚሊዮን ዓመታት በፊት የነፍሳት ቅድመ አያት ከባክቴሪያ የወሰደችው ነገር ነው። በሽታ የሚያመጡ ባክቴሪያዎች ሴላችንን ከሚበሱበት መሣሪያ ጋር የቅርብ ዘመድ ነው ማለት ነው። ተውሶ ያልመለሰውን ዕቃ ይኸው እስከ ዛሬ ይዋጋበታል።

ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። አንገቴን እንዳላክ በጥብቅ ተነግሮኛል። እጄ ግን ሥራ ፈትቶ አልቀመጥ ብሎ ብርድ ልብሱ ሥር ወረደና የቀኝ እግሬን ትንሿን ጣት ያዘ። የዚያች ጣት ጥፍር ጠማማ ነው፤ ወፍራም፣ ቢጫ፣ ወደ ጎን የዞረ። ከባለቤቴ በቀር ልብ ያለው ሰው የለም፤ እሷም የምታውቀው ያልኳትን ነው፣ ጫማ ጠቦኝ የተበላሸ እንደሆነ። አይደለም። ሙጀሌ ነው። የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ የገባብኝ።

መቼ እንደገባች አላውቅም። አባ ጨጓሬው የነካኝን ቀንና ሰዓት፣ የማነበውን ገጽ ሳይቀር ልነግራችሁ እችላለሁ። ሙጀሌዋ ግን ደጅ አፈር ላይ በባዶ እግሬ ስሯሯጥ ከነዚያ ቀኖች በአንዱ ገባች፤ ገብታም ቤት ሠራች። መጀመሪያ የነገረችኝ በማሳከክ ነበር፣ ማሳከኩ ደግሞ የሚያስከፋ ዓይነት አልነበረም። ሙጀሌ ገብቶበት የሚያውቅ ሰው ይረዳኛል፤ ጣትን መሬት ላይ ሲፈትጉት ደስ ይላል፣ እንዲያውም ይጣፍጣል። ለሁለት ለሦስት ቀን ያህል የግል ደስታዬ አድርጌው ነበር። ከዚያ በኋላ ነው ጫማ ሳደርግ ይቆረጥመኝ የጀመረውና በተረከዜ መርገጥ የያዝኩት። አያቴ አረማመዴን ከሩቅ አይታ ጠራችኝ።

«ና እስቲ፣ እግርህን አምጣ።»

«ምንም የለብኝም፣ እማማ።»

«እኔ አለብህ አልኩህ? አምጣው ነው ያልኩህ።»

እግሬን በጉልበቶቿ መሃል ቆልፋ ወደ ብርሃን አዞረችው። ጥፍሬ ጥግ ላይ አተር የሚያህል ነጭ ክብ ነበር፤ መሃሉ ላይ የመርፌ ጫፍ የምታክል ጥቁር ነጥብ። የልብስ መርፌዋን በክብሪት እሳት አጋለች፣ እፍ ብላ አቀዘቀዘችው፣ ሥራ ጀመረች። ነጥቧን አልነካችም። ከዳር ከዳር ቆዳውን እየፈለቀቀች፣ ክቡን እየዞረች፣ እየቆመች እያየች ነው የሄደችው። «ከፈነዳች እንቁላሏን ትረጭብናለች፤ ቁራጯም ውስጥ ይቀራል» አለች ለራሷ። እኔ ጥርሴን ነክሼ ጣሪያውን አያለሁ። ስትነቀል ተሰማኝ፤ ብዙም አላመመኝም፣ የሆነ ነገር ቦታውን ሲለቅ ብቻ ታወቀኝ። አያቴ መርፌዋ ጫፍ ላይ ያለችውን ወደ ፊቴ አስጠጋችው። ነጭ፣ የተወጠረ፣ የሚያብረቀርቅ ከረጢት ናት። እግር የላት፣ ፊት የላት፣ ክንፍ የላት። «ይቺን ነው ስትቀልብ የከረምከው» አለችና ፍም ላይ ጣለቻት። ጠሽ አለች። ጣቴ ላይ ምስር የሚያህል ጉድጓድ ቀረ።

ዛሬ የማውቀውን ያን ጊዜ ባውቅ ትንሽ እንድታቆያት እለምናት ነበር። ሙጀሌ የቁንጫ ዘር ናት፤ ከቁንጫዎችም የመጨረሻዋ ትንሽ፣ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ። ወንዱም ሴቷም ደም ይመጥጣሉ፤ ቆዳ ውስጥ ገብታ የምትቀረው ግን ሴቷ ብቻ ናት። በራሷ በኩል ትገባና የኋላዋን ጫፍ ብቻ ደጅ ትተዋለች። ያቺ ጥቁር ነጥብ እሱ ነው። የምትተነፍሰው በዚያች ቀዳዳ ነው፤ ኩሷን የምታስወጣው፣ ከወንዱ ጋር የምትገናኘው፣ እንቁላሏን የምትጥለውም በዚያችው ነው። አያቴ ነጥቧን ሳትነካ ከዳር የጀመረችው ይህን ሁሉ አንብባ አልነበረም። ሙጀሌዋ በአንድ ሳምንት ገደማ መጠኗ 2,000 እጥፍ ያህል ያድጋል፤ እግሯና ጭንቅላቷ እዚያው እንዳሉ ናቸው፣ ሆዷ ስለዋጣቸው ነው ያላየኋቸው። በሁለት በሦስት ሳምንት ውስጥ እስከ 200 የሚደርሱ እንቁላሎች ትጥልና እዚያው ቆዳ ውስጥ እንዳለች ትሞታለች። እንቁላሎቹ መሬት ላይ ወድቀው በጥቂት ቀናት ይፈለፈላሉ። እጮቹ አፈር ውስጥ ያገኙትን ብስባሽ እየለቀሙ ያድጋሉ፤ ሰው ጋ የሚደርሱት ካደጉ በኋላ ነው።

አባ ጨጓሬን ያየን እንደሆነ የተገላቢጦሽ ነው። የሚወጋው በልጅነቱ ነው። አድጎ የእሳት እራት ሲሆን ከጥቂት ዝርያዎች በቀር የሚጎዳው ሰው የለም፤ ከነዚህ ወገኖች ብዙዎቹ ካደጉ በኋላ ምግብ እንኳ አይቀምሱም፣ ተገናኝተው እንቁላል ጥለው ያልፋሉ። ማዕረጉንም ተመልከቱ። ያንን ገና ልጅ የሆነውን ነገር «አባ» ብለን እንጠራዋለን። ሙጀሌዋ ግን 200 እንቁላል የታቀፈች እናት ሆና በባዶ ስሟ ነው የምትጠራው።

ዝላይዋ ከሌሎች ቁንጫዎች ያነሰ መሆኑ ደግሞ የዞረችውን አገር ሳስብ ይገርመኛል። የትውልድ ቦታዋ የካሪቢያን ደሴቶችና ደቡብ አሜሪካ ነው፤ ከኮሎምበስ ጋር የተሻገሩት ሰዎች መከራቸውን አይተውባታል። ወደ አፍሪካ አመጣጧ ሲነገር የሚጠቀሰው ቶማስ ሚቸል የተባለ መርከብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1872 ከብራዚል ተነስቶ አንጎላ ሲደርስ፣ ክብደት እንዲሆነው የጫነው አሸዋ ውስጥ እሷም ነበረች። ከዚያ በኋላ መርከብ አላስፈለጋትም። በነጋዴ እግር፣ በወታደር እግር፣ ከሁሉ በላይ በተሸካሚ እግር ወደ ምሥራቅ ሄደች። ምዕተ ዓመቱ ሳያልቅ አህጉሩን አቋርጣ ማዳጋስካር ደርሳለች። 30 ዓመት እንኳ አልሞላም። ሰዎቹ በየምሽቱ ካረፉበት ቦታ እንቁላል እየተዉላት ነበር ማለት ነው፣ እያወቁም ሳያውቁም።

በማግሥቱ ሥራ ቦታ አንገቴን ለማየት ሰው ተሰለፈ ብል አላጋነንኩም። እብጠቱ እንደ ቀይ ሻርፕ ከጆሮዬ እስከ ትከሻዬ ወርዷል። ታሪኩን ስድስት ጊዜ ያህል ተናገርኩ፤ አባ ጨጓሬው በየጊዜው በአንድ ጣት እየረዘመ ሄደ። የሰማ ሁሉ የራሱን አመጣ። አንዱ ልጁ ሸሚዝ ውስጥ ስለገባው፣ አንዷ የወይን ሐረግ ስትገርዝ እጇ ላይ ስለወደቀው። የአባ ጨጓሬ ታሪክ ለማውራት ይመቻል። ደፋር ያስመስላል፣ ትንሽ ያስቃል፣ ማንንም አያሳፍርም።

የእግሬን ታሪክ ግን ይህን እስክጽፍ ድረስ ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

«ሙጀሌያም» ስድብ ነው። አባ ጨጓሬ የነደፈውን ሰው በዚያ ምክንያት የሚሰድብበት ቃል ቋንቋችን አልሠራም። ለሙጀሌ ግን አለን፤ ሰውየውን ከነቤቱ፣ ከነእናቱ፣ ከነንጽሕናው የሚነካ ስድብ። ትምህርት ቤት አብሮኝ የሚማር አንድ ልጅ ነበር። ሁለቱም እግሩ ላይ ስለነበረበት በተረከዙና በእግሩ ጠርዝ ነው የሚሄደው፤ አረማመዱን ያዩ ሁሉ ይከተሉት ነበር። እኔም ተከትዬዋለሁ። አረማመዱን አስመስዬ ሄጃለሁ፤ ሌሎቹ ሲስቁ ድምፄን ከሁሉም በላይ አድርጌ ስቄያለሁ። በዚያው ሳምንት ጫማዬ ውስጥ የኔዋ ሙጀሌ ነበረች። አያቴ ገና አላወጣቻትም። ልጁ ትንሽ ቆይቶ መምጣት አቆመ። ስለ በሽታው የሚጽፉ ሐኪሞች ይህንኑ ይላሉ፤ ብዙ የገባበት ልጅ መሄድ ያቅተዋል፣ ይፌዝበታል፣ ትምህርቱን ይተዋል። እኔ ይህን ከወረቀት ላይ ማንበብ አላስፈለገኝም።

ያን ሌሊት አልጋዬ ላይ ሁለቱን ጎን ለጎን ሳስቀምጥ የታየኝ ይህ ነበር። አባ ጨጓሬው ከኔ የሚፈልገው ነገር የለም። ደሜን አይጠጣም፣ ሥጋዬ ውስጥ አይፈለፈልም፤ ቅጠል በሊታ ነው። ፀጉሩ አንድ ቃል ብቻ ነው የሚናገረው፣ «አትንካኝ»፣ እሱንም እየጮኸ። ሕመሜ በሙሉ የዚያ ጩኸት ነው። ሙጀሌዋ ግን በሕይወት መኖሬን ትፈልጋለች፣ እዚያ መኖሯን ባላውቅ ደግሞ ይመረጣል። ካወቅሁም ዝም ብል ይሻላታል። ዝምታዋን ደግሞ እኔ ጨምሬላታለሁ፤ «ምንም የለብኝም፣ እማማ» ስል ማንን እየሸሸግኩ ነበር? ቂሜን በሙሉ ግን የያዝኩት በጮኸብኝ ላይ ነው። ዕድሜዬን በሙሉ አባ ጨጓሬ እፈራለሁ፤ አፈር ላይ በባዶ እግር መሄድ ግን ዛሬም አያስፈራኝም።

ይህን አስቤ ትልቅ ነገር ያገኘሁ መስሎኝ ነበር። ሎኖሚያ አበላሸብኝ። ሎኖሚያ በደቡብ ብራዚል የሚገኝ አባ ጨጓሬ ነው። መልኩ የዛፍ ቅርፊት ነው፤ ቀን ቀን ግንድ ላይ በመንጋ ተጠጋግተው ይተኛሉ፣ ደገፍ ያለ ሰው ብዙዎቹን በአንድ ጊዜ ይነካል። ያቃጥላል፣ ልክ እንደ ሌላው። ማቃጠሉ ሲበርድ ሰውየው አለፈልኝ ብሎ ወደ ሥራው ይመለሳል። መርዙ ግን የደሙን መርጋት እያበላሸ ነው። ከሰዓታት ወይም ከቀን በኋላ ድዱ ይደማል፣ ገላው ይበልዛል፣ ሽንቱ ይቀላል፤ ኩላሊቱ ሥራ ያቆመበት፣ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሶ የሞተም አለ። ሳን ፓውሎ የሚገኘው ቡታንታን ኢንስቲትዩት ለዚህ ብሎ ማርከሻ ሴረም ያመርታል። በአማዞን ደግሞ የጎማ ዛፍ እየሰነጠቁ ወተቱን የሚቀዱ ሠራተኞች ፓራራማ የሚሉት አባ ጨጓሬ አለ፤ ፀጉሩ ጣት ላይ ደጋግሞ ሲሰካ መገጣጠሚያውን አድርቆ እስከ ወዲያኛው የማይታጠፍ ያደርገዋል። የሚጮኸውና ዝም የሚለው እኔ እንደከፈልኳቸው አልተከፈሉም። የኔው አባ ጨጓሬ ጨዋ ሆኖ ነው የለቀቀኝ።

ከአያቴ መርፌ ወዲህ የመጣ ነገር ካለ ብዬ ሳነብ ያገኘሁትን ደግሞ ልንገራችሁ፣ ይህ ጠቃሚ ነው። መርፌ እሳት ላይ ባይያዝ፣ ወይም አንዱ መርፌ ከእግር ወደ እግር ቢዞር፣ ከሙጀሌ የከፋ ነገር ያስተላልፋል፤ የጉበት ቫይረስም፣ ኤች አይ ቪም በዚያ መንገድ ይሄዳሉ። ጉድጓዱ ደግሞ ለመንጋጋ ቆልፍ በር ነው። አሁን ዳይሜቲኮን የሚባል የሲሊኮን ዘይት አለ፤ መርዝ የለበትም። ሥራውን የሚሠራው በጣም ቀጭን ፈሳሽ ስለሆነ ያቺ ጥቁር ነጥብ ውስጥ ሰርጎ በመግባት ነው። የምትተነፍስበትን ይደፍንባታል። ኬንያ ውስጥ በተማሪ ልጆች ላይ የተሞከረበትን መንገድ ወድጄዋለሁ፤ የእያንዳንዱን ልጅ አንዱን እግር በዳይሜቲኮን፣ ሌላውን ቁስል በሚታጠብበት በፖታሺየም ፐርማንጋኔት አከሙ። እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመው ውጤት መሠረት በሰባተኛው ቀን ዳይሜቲኮን ከነካቸው ሙጀሌዎች 78 በመቶው፣ በሌላው እግር ካሉት ደግሞ 39 በመቶው ሞተው ተገኝተዋል። መሬቱ ያው አፈር ከሆነ፣ ውሻውና አሳማውም ከነሙጀሌያቸው ቤት ከገቡ፣ ልጁ ድኖ መልሶ ይይዘዋል። ወለሉ ሲሚንቶ ከሆነ ግን እጮቹ የሚያድጉበት ያጣሉ። ይኸው ነው፤ መድኃኒቱ ግማሹ ወለል ነው።

አንገቴ ከዳነ በኋላ ወደዚያው ዛፍ ተመለስኩ፣ በዚህ ጊዜ ኮፍያ አድርጌ። ቅጠሎቹ ተበልተው ጅማታቸው ብቻ ቀርቷል። ለካ ለዛፉ ሙጀሌው አባ ጨጓሬ ነው፤ ሳይገድል ሰውነቱ ላይ ተቀምጦ የሚቀለብ። እንዲህ እያልኩ ቅርንጫፎቹን ስቃኝ አንዱን አገኘሁት። ያው ዝርያ ነው፣ ፀጉሩ ያው። ጎኑ ላይ ግን የሩዝ ፍሬ የመሰሉ ነጫጭ ነገሮች ተደርድረዋል። ስቆጥራቸው 23 ነበሩ። የተርብ እጮች የፈተሏቸው የሐር ከረጢቶች ናቸው።

እናቲቱ ተርብ ከጥቂት ሚሊ ሜትር የማትበልጥ ናት። ፀጉሩ ምንም ቢበዛ እሷን አያቆማትም፤ በመሃሉ ገብታ ቆዳውን ወግታ እንቁላሏን ሆዱ ውስጥ ትጥላለች። የዚህ ወገን ብዙ ተርቦች ከእንቁላሉ ጋር ቫይረስም ያስገባሉ፤ ቫይረሱ የአባ ጨጓሬውን የመከላከል አቅም ያሽመደምድላቸዋል። ልጆቿ ከውስጥ እየበሉ ያድጋሉ፣ ጊዜያቸው ሲደርስ ቆዳውን በስተው ይወጣሉ። እሱ አይሞትም፣ ወዲያው አይሞትም። ብራዚል ውስጥ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ አንድ ጥናት፣ ፀጉር የሌለው አንድ አባ ጨጓሬ ከውስጡ የወጡትን ከረጢቶች ተደግፎ ቆሞ፣ መብላት ትቶ፣ የሚጠጋቸውን ጠላት ራሱን እያወናጨፈ ሲያባርር መታየቱን ጽፏል። ቻርልስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1860 ለአሜሪካዊው የዕፅዋት ሊቅ ለአሳ ግሬይ በጻፈው ደብዳቤ፣ ደግና ሁሉን ቻይ አምላክ የዚህ ዓይነቶቹን ተርቦች ሕያው አባ ጨጓሬ ውስጥ እንዲበሉ አስቦ ፈጥሯቸዋል ብሎ ራሱን ማሳመን እንዳልቻለ ነግሮታል። እኔ እንዲህ ያለ ትልቅ ጥያቄ አልመጣብኝም። ትዝ ያለኝ በተረከዙ የሚሄደው ልጅ ነው።

ቅርንጫፉን ቆርጬ ብርጭቆ ውስጥ ከተትኩትና አፉን በስስ ጨርቅ አሰርኩት። ባለቤቴ ምን እንዳመጣሁ አይታ ምንም ሳትል ብርጭቆውን ከምግብ ጠረጴዛው ወደ መስኮቱ አዛወረችው። በስድስተኛው ቀን ጠዋት ጨርቁ ላይ ከሥር በኩል ጥቃቅን ጥቁር ነገሮች ይርመሰመሳሉ፤ ከረጢቶቹ ጫፍ ጫፋቸው እንደ ቆርቆሮ ክዳን ተከፍቷል። መስኮቱን ከፍቼ ጨርቁን ገለጥኩት። እየተገፋፉ ወጡ። አባ ጨጓሬው ቅርንጫፉ ላይ ደርቆ ነበር። ከስቷል፣ ከስሎ ጠቁሯል፣ ፀጉሩ ግን እንደተቆጣ ቆሟል።

ወደ ግቢው ወስጄ ልጥለው ስል ባለቤቴ ከኋላዬ ጓንቱን አቀበለችኝ።

«ሞቷል እኮ» አልኳት።

«ፀጉሩ አልሞተም» አለች።